ሰከንድ ላይፍ በአሮጌ ላፕቶፕ፦ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ ሰከንድ ላይፍ የሚባል የኢንተርኔት ዓለም ውስጥ ትገባለች። እዚያ እንግሊዝኛ የሚለማመዱ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ካልመጣሽ ብላ ወጥራ ይዛኛለች። ላፕቶፔ ያገለገለ ኤች ፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 1 ነው። ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። አንድ ሱቅ ብጠይቅ “ይሄ ለጌም አይሆንም፣ ሌላ ግዢ” አለኝ። እውነት አይሆንም? ብር ሳላወጣ ራሴ የማረጋግጥበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ባለሱቁ ላፕቶፕዎን ከፍቶ ሳያይ ነው የፈረደበት። ፍርዱ ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። 840 ጂ 1 ሰከንድ ላይፍን ይከፍታል። ጸጥ ያለ ቦታ ቁጭ ብሎ ከሰው ጋር ለማውራት ይበቃል። ሃምሳ ሰው የሚጨፍርበት አዳራሽ ከገቡ ግን ምስሉ ስታክ እያደረገ ያበሳጭዎታል። አሁን ባለው 4 ጊጋ ራምና ሃርድ ዲስክ ደግሞ ለወሬውም ትዕግሥት ይፈታተናል። ስለዚህ መታወቅ ያለበት እርስዎ ለሚፈልጉት ነገር ይበቃል ወይ የሚለው ነው። ይህን ቤትዎ ቁጭ ብለው፣ ሳንቲም ሳያወጡ ማወቅ ይችላሉ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚከብድ ልንገርዎ። ሰከንድ ላይፍን የሠራው ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ሊንደን ላብ የተባለ ድርጅት ነው። ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ብዙ ሰው “የ2003 ነገር ለ2013 ላፕቶፕ እንዴት ይከብደዋል?” ይለኛል። ከ2003ቱ የቀረው ግን ስሙ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ነዋሪዎች በሌላ የ3ዲ ፕሮግራም የሠሩትን ዕቃ ማስገባት ጀመሩ። በ2023 መገባደጃ ላይ ደግሞ ብርሃንና ነጸብራቅ የሚሣልበት መንገድ ተቀየረ። ብረቱ እንደ ብረት፣ እንጨቱ እንደ እንጨት ማብራት ጀመረ። ያምራል። በዚያው ለደካማ ማሽን ስንል የምንመርጠው የድሮው ቀለል ያለ አሠራር ከሴቲንጉ ወጣ። አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ያረፈው ትልቁ ዱላ ይሄ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ “በ4 ጊጋ ራም አሪፍ ሠርቶልኛል” የሚል ምክር ካነበቡ አይመኑት።

ሁለተኛው ምክንያት ሠሪዎቹ ናቸው። በሌላ ጌም እያንዳንዷን ዛፍ የሚሠራት ባለሙያ ነው፤ ደካማ ማሽንም እንዲችላት ለክቶ ይሠራታል። እዚህ ግን ቤቱንም፣ ጫማውንም፣ ፀጉሩንም የሚሠሩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። አንዱ ለአንዲት የጆሮ ጌጥ 1024 በ1024 የሆነ ምስል ይለጥፍባታል። ያ ምስል ሜሞሪ ላይ ሲዘረጋ ብቻውን 4 ሜጋባይት ይይዛል። አጠገብዎ የቆመችው ሴት እንዲህ ዓይነት ምስል በብዛት ተሸክማ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ውስጥ ደግሞ አስቀድሞ ዲስክዎ ላይ የተጫነ የለም። ሲሄዱ ሲሄዱ ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይሣላል። ፕሮሰሰሩም፣ ራሙም፣ ዲስኩም፣ ቪዲዮ ካርዱም፣ ኮኔክሽኑም በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ናቸው። ከመካከላቸው ደካማው የቱ እንደሆነ መለየት ነው የኛ ሥራ።

እንግዲህ ወደ ላፕቶፑ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ይንኩ። ሲፒዩ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም በቀኝ ከላይ ይታያል። እዚህ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኮር አይ 5 4300ዩ ነው። መጀመሪያ ያለው 4 አራተኛ ጀነሬሽን ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ዩ ደግሞ ባትሪ ቆጣቢ ናት ማለት ነው፤ ኮሩ (ሥራውን የሚሠራው ክፍል) ሁለት ብቻ ነው። ገበያ ላይ “ኮር አይ 7 ነው” ብለው አፍ ያዘጋሉ። የአራተኛ ጀነሬሽን አይ 7 ባለ ዩ ግን ለስምንተኛ ጀነሬሽን አይ 5 አይደርስበትም። ቁጥሯን ሳያነቡ “አይ ስንት” ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ቀጥለው ሜሞሪ የሚለውን ይንኩ። ከታች በትንንሽ ጽሑፍ “ስሎትስ ዩዝድ” የሚል መስመር አለ። “1 ኦፍ 2” የሚል ከሆነ ደስ ይበልዎት። አንድ የራም ማስገቢያ ባዶ ነው፣ ያለውን ሳይጥሉ መጨመር ይችላሉ ማለት ነው። ዲስክ የሚለው ላይ ኤች ዲ ዲ (የድሮው፣ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ) ወይም ኤስ ኤስ ዲ (አዲሱ፣ ፈጣኑ ዲስክ) ተብሎ ተጽፏል። የእርስዎ በነገሩኝ መሠረት ኤች ዲ ዲ መሆን አለበት።

አሁን ቪዲዮ ካርዱ። ስታርት ላይ በቀኝ ጠቅ ያድርጉና ዲቫይስ ማናጀርን ይክፈቱ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ይዘርጉት። “ኢንቴል ኤች ዲ ግራፊክስ 4400” ካለ ደህና ነው። ከሥሩ ኤ ኤም ዲ ራዲዮን የሚል ሁለተኛ መስመር ካገኙ ዕድለኛ ነዎት፤ ከ840 ጂ 1 ጥቂቶቹ እንደዚያ ሆነው ነው የተሠሩት። “ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር” የሚል ከሆነ ግን እዚህ ላይ ይቁሙ። ዊንዶውስ ሲጫን የቪዲዮ ካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም፣ አልተጫነም ማለት ነው። ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ፎርማት ያደርጉታል፣ ስክሪኑ ከበራ ይሸጡታል። ድራይቨሩን ከኤች ፒ ወይም ከኢንቴል ድረ ገጽ በላፕቶፑ ሞዴል ፈልገው ያውርዱ። ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጠቅታ እንጭናለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አልወዳቸውም፤ ያልጠየቋቸውን ነገር ይዘው ይገባሉ።

ይህ ካለፈ ሰከንድ ላይፍን ከራሱ ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑ። ፕሮግራሙም አካውንቱም በነፃ ነው። ክፈሉ የሚል ሰው ካገኘዎት አይስሙት። ገና አካውንት ሳይከፍቱ፣ የመግቢያው ገጽ ላይ እንዳሉ፣ ከላይ ሄልፕ ከዚያ አባውት ሰከንድ ላይፍ የሚለውን ይጫኑ። የሚከፈተው መስኮት ላይ የማሽንዎ መታወቂያ ተዘርዝሯል፤ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ኦፕን ጂ ኤል። ሰከንድ ላይፍ የሚሣለው በኦፕን ጂ ኤል (ፕሮግራሙ ቪዲዮ ካርዱን ሣል ብሎ የሚያዝበት መንገድ) ስለሆነ ዋናዋ መስመር እሷ ናት። ኤች ዲ 4400 በትክክለኛ ድራይቨር 4.3 ይላል። ይበቃል። በ1.1 የሚጀምርና አጠገቡ “ጂ ዲ አይ ጀነሪክ” የሚል ካዩ ቪዲዮ ካርዱ እየሠራ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ነው የሚሥለው። እንደዚያ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ጭራሽ እምቢ ብሎ ስለ ድራይቨር መልእክት ያሳያል። “ላፕቶፑ አልቻለም” ተብለው ከሚመጡልኝ ውስጥ ብዙዎቹ ችግራቸው እዚህ ጋ ነው፤ ማሽኑ ምንም አላጠፋም።

አሁን አካውንት ከፍተው ይግቡ። ከመግባትዎ በፊት ብሮውዘሩንም ቴሌግራሙንም ይዝጉ። ቻርጀሩ ይሰካ። በባትሪ የተለካ ፍጥነት አያታልልዎት፤ ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ራሱን ያደክማል። መግቢያው ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ግራጫ ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ አይደንግጡ። ምስሉ እየወረደ ነው። ጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ይቁሙና ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 1ን ይጫኑ። በስተቀኝ ቁጥሮች የሞሉበት ሰሌዳ ይመጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ውኃ የሚበላው ይህን ሰሌዳ ሳያነብ ነው። “ይንቀራፈፋል” የምንለው ነገር ሦስት የተለያየ በሽታ ነው። ለሦስቱም መድኃኒቱ ይለያያል።

የመጀመሪያው የማሽንዎ ነው። ኤፍ ፒ ኤስ የሚለው ቁጥር በሰከንድ ስንት ምስል (ፍሬም) እንደሚሣል ይናገራል። ከ30 በላይ ከሆነ ምቹ ነው። ከ15 እስከ 20 ለወሬ በቂ ነው። ከ10 በታች ሲሆን ስቃይ ነው። ምልክቱ ካሜራውን ሲያዞሩ ይታያል፤ ምስሉ እየተቆራረጠ ይዞራል። ይህን ራም፣ ሴቲንግ ወይም ሌላ ላፕቶፕ ይፈታዋል።

ሁለተኛው የኮኔክሽን ነው። ፒንግ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) እና ፓኬት ሎስ (መንገድ ላይ የሚጠፋው መረጃ) የሚሉትን ይዩ። ምልክቱ የተለየ ነው። ምስሉ ሳይቆራረጥ ይሄዳል፤ እርስዎ ግን ወደፊት ሲራመዱ ቆይተው ድንገት ወደኋላ ተጎትተው ይመለሳሉ። የጻፉት መልእክት ዘግይቶ ይወጣል። ፓኬት ሎስ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ፒንጉን በተመለከተ ግን እቅጩን ልንገርዎ። የሰከንድ ላይፍ ሰርቨሮች እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ አማዞን ማዕከል ተዛውረው አሜሪካ ኦሪገን ነው ያሉት። ከእኛ እዚያ ድረስ ከ13 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ደርሶ መልሱ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ 130 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስለዚህ 250 ወይም 300 ቢያዩ አይናደዱ። የመቶ ሺህ ብር ኮምፒውተርም ቢገዙ ያው ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ኤፍ ፒ ኤስ በጣም ሲወርድ ፒንጉም አብሮ ከፍ ብሎ ይነበባል። መጀመሪያ ፍሬሙን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ፒንጉን ይፍረዱ።

ሦስተኛው የሰርቨሩ ነው። ሲሙሌተር በሚለው ክፍል ታይም ዳይሌሽን የሚል ቁጥር አለ። ጤነኛ ሲሆን 1.0 ወይም ለእሱ የቀረበ ነው። ከ0.9 በታች ከወረደ ቦታው ራሱ ተጨናንቋል። እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ እየተንቀራፈፈ ነው። የአክስትዎን ልጅ ይጠይቋት፤ እሷም ጋ ከተጎተተ ላፕቶፕዎን አይውቀሱ፣ ቦታ ቀይሩ።

ልኬቱን ሁለት ቦታ ያድርጉት። አንዴ ሰው የሌለበት፣ አንዴ ሰው የተሰበሰበበት። ባዶው ቦታ ላይ 20 ሆኖ ሰው ሲመጣ 6 ከሆነ የከበደው የሰዎቹ አካል፣ ልብስና ፀጉር ነው።

ቁጥሩ ካነሰ መጀመሪያ ሴቲንግ። ኮንትሮልን እና P የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ይጫኑ፣ ግራፊክስ ውስጥ ይግቡ። ጥራቱን ወደ ሎው ያውርዱ። ድሮው ዲስታንስ (Draw Distance) የሚለው እስከ የት ድረስ እንደሚያዩ ነው። አንድ ቦታ 256 ሜትር በ256 ሜትር ነው፤ እርስዎ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ለማውራት 32 ወይም 64 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ጥላና ነጸብራቅ ይጥፉ። አቫታር ማለት እዚያ ዓለም ውስጥ ሰው የሚንቀሳቀስበት አካል ነው፤ አቫታር ኮምፕሌክሲቲ የሚለውን ዝቅ ያድርጉት፤ ከልክ በላይ ያጌጡ ሰዎች ባለ አንድ ቀለም ምስል ሆነው ይታያሉ። ትንሽ ያስቃል፣ ግን ከሁሉም የበለጠ ፍሬም የምትመልሰው እሷ ናት። መስኮቱንም አጥብበው ይጠቀሙ። የሚሣለው ነገር ሲያንስ ቪዲዮ ካርዱ ይተነፍሳል።

ከሴቲንግ በኋላም ካልበቃዎት፣ ገንዘብ የሚያወጡበት የመጀመሪያ ቦታ ራም ነው። በ4 ጊጋ ዊንዶውስ ራሱ ግማሹን ይዞ ይቀመጣል። ኤች ዲ 4400 ደግሞ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ራሙ ውስጥ በደባልነት ነው የሚኖረው። ሰከንድ ላይፍ የቀረውን ሲጨርስ ዊንዶውስ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ባዶው ስሎት ላይ ሌላ 4 ጊጋ ቢጨምሩ 8 ይሆናል። ሁለት ራም ሲኖር መረጃው በሁለት መንገድ ስለሚመላለስ ደባሉ ቪዲዮ ካርድም ይፈጥናል። ስለዚህ አንድ ባለ 8 ከምትገዙ ሁለት ባለ 4 ብታደርጉ ይሻላል ብዬ እመክራለሁ። አቅም ካለ 8 ሲደመር 8፤ ማሽኑ እስከ 16 ይቀበላል። ሲገዙ የላፕቶፕ ዲ ዲ አር 3 ኤል፣ 1.35 ቮልት መሆኑን ያረጋግጡ። መጨረሻ ላይ ያለችው ኤል ካልተጻፈች አይውሰዱ። የዚህ ላፕቶፕ የታች ክዳን ያለ ካቻቢቴ ተንሸራቶ ይከፈታል። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪውን ያውጡ፣ ከዚያ ራሙን አጋደም አድርገው አስገብተው ቀጭ እስኪል ይጫኑት።

ሁለተኛው ኤስ ኤስ ዲ ነው። ፍሬም አይጨምርም፤ ይህን የሚነግርዎት ሻጭ ብዙ የለም። ግን ምስሎቹ ከካሽ (የወረዱ ምስሎች ዲስክዎ ላይ ከሚቀመጡበት ቦታ) ቶሎ ይነሳሉ፣ ማሽኑም ከመክፈት እስከ መዝጋት ሌላ ላፕቶፕ ይመስላል። 240 ጊጋ ይበቃዎታል። ሲገጠም ሰከንድ ላይፍ ውስጥ የካሹን መጠን ከፍ ያድርጉት። አንዴ የጎበኙት ቦታ አብዛኛው በድጋሚ ከኢንተርኔት አይወርድም፤ በፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሰከንድ ላይፍ ዳታ ይበላል፤ አዲስ ቦታ ሲደርሱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሄድ ይችላል። ከቦታ ቦታ መዝለል ሳይሆን አንድ ቦታ መቀመጥ ነው የሚያዋጣዎት።

ሙቀቱንም እንዳንረሳ። ግማሽ ሰዓት ከቆዩ በኋላ ታስክ ማናጀርን ተመልሰው ይክፈቱና የሲፒዩውን ፍጥነት ይዩ። 4300ዩ ከሆነ ሥራ ላይ እያለ ከ1.9 ጊጋ ኸርዝ በታች ከወረደ ማሽኑ ሞቆት ራሱን እየቀነሰ ነው። አቧራው ይጠረግ፣ የፕሮሰሰሩ ቅባት ይቀየር። ብርድ ልብስ ላይ አድርገው አይጠቀሙ።

ስለ ዊንዶውስ 10 አንድ ነገር። ማይክሮሶፍት መደበኛውን የደህንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ይህ ላፕቶፕ ደግሞ በይፋ ወደ 11 አያልፍም፤ ከኢንቴል የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። ሰከንድ ላይፍ ይከፍታል፤ የባንክ ሥራዎን ግን ሌላ መሣሪያ ላይ ቢያደርጉት እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ አልጥም ካለዎት ራዴጋስት የሚባል ቀላል ፕሮግራም አለ። በዚያው የሰከንድ ላይፍ አካውንት ይገባሉ። ምስሉን ትቶ በጽሑፍ ያገናኛል፤ ደካማ ማሽን ላይም ይሠራል። የአክስትዎ ልጅ እርስዎን እዚያው ቆመው ታይዎታለች፣ እርስዎ እሷን በጽሑፍ ብቻ ያገኟታል። ለእንግሊዝኛ ልምምድ ቢሆን እኔ አልጠላውም።

ሌላ ለመግዛት ከወሰኑ ግን ላፕቶፕ ላይ ቪዲዮ ካርድ በኋላ እንደማይጨመር ይወቁ። ሲገዙ ይዞት መምጣት አለበት። ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ፣ 8 ጊጋ ራም በሁለት ስሎት፣ ቢቻል የራሱ 4 ጊጋ ሜሞሪ ያለው እንደ ጂ ቲ ኤክስ 1050 ያለ የኤንቪዲያ ካርድ። ዴስክቶፕ ካልጠሉ በአነስተኛ ዋጋ ብዙ ርቀት ይወስድዎታል፤ ጂ ቲ 1030 ጠባብ ሳጥን ውስጥ እንኳ ይገባል። ሜሞሪው ዲ ዲ አር 4 የሆነውን ግን አይውሰዱ፤ ስሙ አንድ ሆኖ ከባለ ጂ ዲ ዲ አር 5 በጣም ይዘገያል። ከሱቁ ሳይወጡ ታስክ ማናጀሩንና ዲቫይስ ማናጀሩን እዚያው ቆመው ይክፈቱ፣ ከላይ ያልኳቸውን መስመሮች በዓይንዎ ያንብቡ። ሻጩ ፊቱን ካጨማደደ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይግቡ።